ከሱቅ መጠቅለያ እስከ ሳጥን ሙሉ፦ ኮሚክ ስለመሰብሰብ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ቤቴ የመጣ እንግዳ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ዐይኑ መደርደሪያዬ ላይ ያርፋል። ከዚያ ጥያቄ ይጀምራል። የጎረቤት ልጆች ይጠይቁኛል። ሰርግ ላይ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ሳይቀር ይጠይቀኛል። ጥያቄዎቹ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይመሳሰላሉ። መልሶቼን እዚህ ጻፍኳቸው።

ኮሚክ ማለት አስቂኝ ማለት አይደለም እንዴ?

በእኛ አፍ ኮሚክ የሚያስቅ ሰው ነው። "እሱ እኮ ኮሚክ ነው" እንላለን። እዚህ የማወራው ግን ታሪኩን በተከታታይ ሥዕል ስለሚተርክ መጽሔት ወይም መጽሐፍ ነው። ገጹ በሣጥን በሣጥን ይከፈላል። ሰዎቹ የሚናገሩት ከአፋቸው አጠገብ በተሣለ ፊኛ መሳይ ክብ ውስጥ ይጻፋል። ስሙ የመጣው በጋዜጣ ላይ ይወጡ ከነበሩ የቀልድ ሥዕሎች ነው። ዛሬ የሚያስለቅስም፣ የሚያስፈራም፣ ታሪክ የሚያስተምርም ኮሚክ አለ።

ነገሩ ለዐይናችን እንግዳ አይደለም። የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ በትንንሽ ሣጥኖች ከፋፍሎ የሚያሳየውን የሸራ ሥዕል ያላየ ማን አለ? ብዙ ጊዜ 44 ሥዕል ነው። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ይነበባል። በሥዕል ያጌጡ የተአምረ ማርያም ብራናዎችም አንዱን ተአምር በተከታታይ ሥዕሎች ያሳያሉ። ተአምረ ማርያም በአብያተ ክርስቲያናት እንዲነበብ ያዘዙት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ደግሞ መቀመጫቸውን እዚሁ ደብረ ብርሃን ላይ አድርገው ነበር። ቅዱሱን መጽሐፍ ኮሚክ ነው እያልኩ አይደለም። ሥዕልን እንደ ታሪክ ማንበብ ግን እዚህ አገር የቆየ ነው።

መሰብሰቡን እንዴት ጀመርከው?

1986 ዓ.ም. ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናቴ ቡና ግዛ ብላ ሱቅ ላከችኝ። ያኔ ባለሱቆች ቡናውንም፣ በርበሬውንም፣ ቆሎውንም የሚጠቀልሉት በአሮጌ ወረቀት ነበር። ወረቀቱን በኪሎ ይገዙታል። የተማሪ ደብተር፣ የመሥሪያ ቤት ፋይል፣ የውጭ አገር መጽሔት፣ የተገኘው ሁሉ ይገነጠላል። የእኔ ቡና የተጠቀለለበት ወረቀት ላይ አንድ ሰውዬ ገደል አፋፍ ላይ ተንጠልጥሏል። ሌላው ከላይ እጁን ዘርግቶለታል። ይድረስበት አይድረስበት አይታወቅም።

ቡናውን አድርሼ ወደ ሱቁ በሩጫ ተመለስኩ። "ቀሪውን ይስጡኝ" አልኳቸው ባለሱቁን። "ልጄ፣ ወረቀቱን እኮ በኪሎ ነው የገዛሁት፤ በክብደቱ ልክ ሌላ ወረቀት አምጣ" አሉኝ። ያለፈውን ዓመት ደብተሮቼን ሰብስቤ አመጣሁ። በሚዛን ተመዘነ። መጽሔቱ ተሰጠኝ። ሽፋን የለውም። ከኋላው አራት ቅጠል ተገንጥሏል። አንዱ እኔ እጅ ነው። ሦስቱ ቡናና በርበሬ ይዘው ሰፈር ውስጥ ተበትነዋል።

ቤት ለቤት ዞርኩ። አንዱን ቅጠል ከጎረቤት ምድጃ ዳር አገኘሁት። ለእሳት መለኮሻ ተቀምጦ ነበር። እሱ ላይ ሁለቱ ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘዋል። የላይኛው የቆመበት ድንጋይ ግን መሰንጠቅ ጀምሯል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ቅጠሎች ቀሩ። ጭራሽ አልተገኙም።

አያቴ መጽሔቱን በብርድ ልብስ ክር ሰፍታ ሰጠችኝ። እኔ እንግሊዝኛ አላነብም። ታላቅ እህቴ ስምንተኛ ክፍል ስለነበረች ማታ ማታ ታነብልኛለች። ድንጋዩ ሲሰነጠቅ ወረቀቱ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለውን ከራሷ ትጨምራለች። አንድ ማታ ሰውዬው ይድናል። አንድ ማታ ይወድቃል። አንድ ማታ ደግሞ ገደሉ ጣርማበር ይሆናል። ሰውዬው በጉም ውስጥ ሲወርድ የደብረ ሲና እረኞች ጋቢያቸውን ዘርግተው ይቀበሉታል።

እኔም መጨረሻውን መፈለግ ጀመርኩ። አሮጌ ወረቀት ባየሁበት ሁሉ እቆማለሁ። ያንን ስፈልግ ሌላ አገኛለሁ። ሌላውን ማለፍ ደግሞ አልችልም። በ2000 ዓ.ም. አዲስ አበባ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ ሙሉውን ቅጂ ሳገኝ ቤቴ ውስጥ ስልሳ የሚሆኑ ሌሎች ኮሚኮች ነበሩ። ሽፋኑ ሰማያዊ ነው። በሐሳቤ ሁልጊዜ ቀይ ነበር የማየው። እዚያው ቆሜ መጨረሻውን አነበብኩት። ሰውዬው በሦስት ሥዕል ውስጥ ይድናል። ለእህቴ ደወልኩላትና ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለች። "የጣርማበሩ አይሻልም?" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ይሻላል።

ሁለቱም ቅጂዎች አሉኝ። አንዱን ስጥ ብባል ሙሉውን ነው የምሰጠው።

ሽፋን የሌለው ኮሚክ አለኝ። ምን እንደሆነ እንዴት ላውቅ?

የመጀመሪያውን ገጽ ግርጌ ተመልከት። ብዙ የአሜሪካ ኮሚኮች ላይ እዚያ ቦታ በጣም ደቃቅ ጽሑፍ አለ። የመጽሔቱን ሙሉ ስም፣ ቁጥሩን፣ ወሩንና ዓመቱን ይናገራል። የእኔም ላይ ነበር። አሥራ አራት ዓመት በእጄ ይዤው አላየሁትም። ልጅ እያለሁ ለእኔ ፊደሉ ጌጥ ነበር። ካደግሁ በኋላ ደግሞ ሥዕሉን እንጂ ግርጌውን ማን ያያል?

በነገራችን ላይ፣ የተጻፈው ወር መጽሔቱ ገበያ ላይ የዋለበት ወር አይደለም። አሳታሚዎቹ መጽሔቱ አሮጌ እንዳይመስል ሁለት ሦስት ወር አስቀድመው የመጻፍ ልማድ ነበራቸው። ሰኔ የሚል ካየህ ሚያዝያ አካባቢ የተሸጠ ሊሆን ይችላል።

ገጾቹንም ቁጠር። የተለመደው የአሜሪካ ኮሚክ ሽፋኑን ሳይጨምር 32 ገጽ ነው። ስምንት ወረቀት መሐል ለመሐል ታጥፎ በሁለት የስቴፕለር ሽቦ ይያዛል። ስለዚህ ከኋላ አንድ ቅጠል ከተገነጠለ ከፊት ያለው ጓደኛው የሚይዘው አጥቶ ይንጠለጠላል። አያቴ በክር ባትሰፋው ኖሮ የእኔም የፊት ገጾች አይተርፉም ነበር።

ልጅ ሁሉ ኮሚክ ይወዳል። ታዲያ ለምን ጥቂቱ ብቻ ሰብሳቢ ሆኖ ይቀራል?

ብዙ አስቤበታለሁ። በእኔ እምነት ሰብሳቢ የሚያደርገው የጎደለው ነገር ነው። ሽፋኑ ላይ ቁጥር አለ። 14 የሚለውን በእጅህ ይዘህ 13 የት ሄደ ማለትህ አይቀርም። ታሪኩም ልብህን ሰቅሎ "ይቀጥላል" ይልሃል። ሁሉ ነገር ሞልቶለት ያደገ ልጅ አንብቦ ያስቀምጠዋል። መጨረሻው የጠፋበት ልጅ ግን ሲፈልግ ይኖራል። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ያደግን ልጆች መጨረሻው የጠፋበት ነገር ሞልቶናል።

አክስቴ ቤት ደብረ ሲና ውስጥ የጭቃው ግድግዳ በጋዜጣና በመጽሔት ወረቀት የተለጠፈ ነበር። ብርዱንም አቧራውንም ይከላከላል፤ ቤቱንም ያደምቃል። ከአልጋው ራስጌ አንድ የሥዕል ታሪክ ተገልብጦ ተለጥፎ ነበር። ለፋሲካ በሄድን ቁጥር አልጋው ላይ በጀርባዬ ተኝቼ፣ አንገቴን ወደ ኋላ ቀልብሼ አነበዋለሁ። የወረቀቱ ጀርባ ግን ጭቃው ላይ ነው። ያንን ጀርባ እስከ ዛሬ አላየሁትም። ቤቱ ሲታደስ ግድግዳው ተልጦ ተጣለ።

ሌላው ነገር መመለሱ ነው። አብዛኛው ሰው አሥራ ሦስት አሥራ አራት ዓመት ሲሞላው "አሁንማ ትልቅ ሰው ሆኛለሁ" ብሎ ይተወዋል። እኔም ለአሥረኛ ክፍል ፈተና ስዘጋጅ ሁሉንም በካርቶን አድርጌ እናቴ አልጋ ሥር ከተትኩት። የመለሰኝ የመጀመሪያው ደመወዜ ነው። የማውቃቸው ሰብሳቢዎችም ታሪካቸው እንደዚሁ ነው። ገንዘብ እጃቸው ሲገባ ልጅ ሆነው ያጡትን ይፈልጋሉ። ሲያገኙት ደግሞ አብሯቸው ያነበበውን ሰው ያስታውሳሉ። ወንድም፣ የክፍል ጓደኛ፣ ሊስትሮ ሲሠራ እየተዋሰ ያነብብ የነበረ የሰፈር ልጅ።

ደብረ ብርሃን ቁጭ ብዬ ከየት አገኛለሁ?

ይቻላል፤ ትዕግሥት ይጠይቃል። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ይቻላል። አሮጌ መጽሐፍ ሻጮቹን ግን ተላመዳቸው። ስልክህን ስጣቸው። የሥዕል መጽሔት በብዛት ሲመጣላቸው ይደውሉልሃል። ሲደውሉልህ ደግሞ ሂድ። ሁለቴ ከቀረህ ሦስተኛ አይደውሉም።

ልዋጭና ቆራሌ የሚዞሩትንም አነጋግር። እኔ ሠፈራችን የሚመጣውን ልጅ "ሥዕል ያለበት ወረቀት ካገኘህ ከመሸጥህ በፊት አሳየኝ" ብዬዋለሁ። ከሰጠኝ ውስጥ አብዛኛው አሮጌ የትምህርት መጽሐፍ ነው። አንድ ቀን ግን ሙሉ ካርቶን አመጣልኝ። የሆነ ቤተሰብ ቤት ሲቀይር የጣለው ነው።

ውጭ አገር ዘመድ ያለው ደግሞ ዕድለኛ ነው። ሰው ሲመጣ ጫማና ሽቶ ከማዘዝ ሁለት ኮሚክ ማዘዝ ይቀላል። ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይይዝም።

እኛ አራት ሰዎች ሆነን ትንሽ ዕቁብ አለን። ዕጣ የወጣለት የፈለገውን ያስመጣል፤ ሌሎቻችን ቀድመን የማንበብ መብት አለን። ሁለታችን ከደብረ ብርሃን፣ አንዱ ከአረርቲ፣ አንዱ ከሸዋ ሮቢት ነን። ገንዘቡ ትንሽ ቢሆንም ብቻውን የሚሰበስብ ሰው ቶሎ ይሰለቻል።

አንድ ነገር አደራ። የትምህርት ቤት ወይም የቤተ መጻሕፍት ማኅተም ያለበት ካገኘህ ለባለቤቱ መልስ። ተወግዶ የተሸጠ መሆኑን ካላረጋገጥክ ቤትህ አታስገባው።

ምን ዓይነቱን ልሰብስብ?

ልጅ ሆነህ የወደድከውን። ሌላ መልስ የለኝም። ሁሉን ልሰብስብ ያለ ሰው በዓመቱ ይደክመዋል። አንዱ ጓደኛዬ ፈረስ የተሣለበትን ብቻ ነው የሚሰበስበው። አባቱ ደብረ ብርሃን ውስጥ ጋሪ ነጂ ነበሩ።

እዚህ አገር ማንም ዞር ብሎ የማያየው ዘርፍ ግን አለ፤ እሱን ልጠቁም። በጤና ጣቢያና በትምህርት ቤት በነጻ ይታደሉ የነበሩ የሥዕል ጽሑፎች። ስለ ኤች አይ ቪ፣ ስለ ወባ፣ ስለ ክትባት፣ ስለ አፈር ጥበቃ በሥዕልና በንግግር የተሠሩ። በአማርኛ ናቸው። ሠዓሊዎቹ የእኛው ሰዎች ናቸው። ሰዎቹ ኩታ ለብሰዋል፤ ቤቱ ሣር ክዳን ነው፤ በሬዎቹ የእኛ በሬዎች ናቸው። ታትመው ታደሉ፤ ተነበቡ፤ ተጣሉ። ማን ያስቀምጣቸዋል? እኔ 23 አሉኝ። ለስብስቤ ከምጨነቅባቸው ሁሉ የበለጠ የምጨነቀው ለእነሱ ነው። ከሰው በላይ ኃይል ያለው ጀግና፣ የልዕለ ኃያሉ፣ መጽሔት አሜሪካ ውስጥ ሌላ ቅጂ አይጠፋም። የእነዚህን ሌላ ቅጂ ግን እስካሁን አላየሁም። ቤትህ ካለ እባክህ አትጣለው።

የኢትዮጵያ ልዕለ ኃያል ኮሚክ አለ?

አለ። "ጀምበር" የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2018 ወጣ። ያሳተመው ኤታን ኮሚክስ ነው፤ ፈጣሪው በስራት ደበበ ነው። በአማርኛም በእንግሊዝኛም ተዘጋጅቷል። ከእሱ በኋላ "ሃዊ" የምትባል ሴት ልዕለ ኃያል መጣች። የመጀመሪያውን ጀምበር ሳነብ የተሰማኝን ልናገር። ልጅ ሆኜ ካነበብኳቸው ሰዎች አንዱም እንኳ ስሙ እንደ ጎረቤቴ ልጅ ስም አልነበረም። ይህኛው አማኑኤል ነው። በቃ፣ ቁጭ አልኩ።

ገና ሲወጣ ግዛ። ከሃያ ዓመት በኋላ መፈለግ ምን ያህል እንደሚያደክም እኔ አውቃለሁ።

ዋጋ ያወጣል? ሀብታም ያደርጋል?

ይህን ጥያቄ የማይጠይቀኝ የለም። በረጅሙ ልመልስ።

ሱፐርማን የተባለው ልዕለ ኃያል ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1938 በወጣው አክሽን ኮሚክስ ቁጥር 1 ላይ ነው። ዋጋው 10 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 የዚህ መጽሔት አንድ ቅጂ በጨረታ 6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ሰው ይህን ሰምቶ ነው ዐይኑ የሚፈጠው። ገጸ ባሕርዩን የፈጠሩት ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር ግን መብቱን የሸጡት በ130 ዶላር ነበር። እኔን ከስድስቱ ሚሊዮን ይልቅ ይህ ቁጥር ነው የሚያስቆመኝ። ሁለት ወጣቶች ሙሉ ሕልማቸውን በ130 ዶላር!

ለምን ተወደደ? ስለጠፋ ነው። ወደ 200 ሺህ ቅጂ ታትሞ ዛሬ የቀረው መቶ ገደማ ነው ተብሎ ይገመታል። ልጆች አንብበው አንብበው ጨረሱት። እናቶች ቤት ሲያጸዱ ጣሉት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ አሮጌ ወረቀት ለጦርነቱ ይሰብሰብ ተብሎ ብዙው ተፈጨ። የእኛ ሰፈር ባለሱቅ ሚዛን እዚያም ነበር ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን ተመልከት። እ.ኤ.አ. በ1991 ኤክስ ሜን የተባለው ኮሚክ ቁጥር 1 ወጣ። ከ8 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሸጠ፤ በዓለም ክብረ ወሰን ተመዘገበ። በአምስት ዓይነት ሽፋን ነበር የወጣው። ብዙ ሰው "ነገ ይወደዳል" ብሎ አምስቱንም ገዛ፤ ሳያነብ በላስቲክ ጠቅልሎ አስቀመጠ። ሁሉም ስላስቀመጠው ምንም አልጠፋም። ምንም ስላልጠፋ ዛሬም ርካሽ ነው።

ስለዚህ ለትርፍ ብለህ አትግባበት። ገንዘብህን በግ አድልበህ ለገና ብትሸጥ ይሻልሃል። እኔ በሠላሳ ዓመት ውስጥ የሸጥኩት አራት ብቻ ነው፤ አራቱም ሁለተኛ ቅጂ ያለኝ ነበሩ።

እንዴት ላስቀምጠው?

የድሮ ኮሚክ ወረቀት እንደ ጋዜጣ ወረቀት ርካሽ ነው። ከእንጨት ይፈጫል፤ እንጨቱ ውስጥ ያለው ሊግኒን የተባለው ነገር አብሮ ይቀራል። እሱ ብርሃንና አየር ሲያገኘው ወረቀቱ ቢጫ ይሆናል፤ አሲድ ይፈጠራል፤ ቀስ በቀስ እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰባበራል። ሙቀትና እርጥበት ያፋጥነዋል። ልታቆመው አትችልም፤ ልታዘገየው ግን ትችላለህ።

ደብረ ብርሃን ለዚህ ሥራ ጥሩ ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ብርዱ እኛን ቢያንቀጠቅጠንም ወረቀቱን ይጠቅመዋል። ሸዋ ሮቢት ከእኛ 100 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ከፍታው ግን 1,300 ሜትር አካባቢ ነው፤ ሙቀት ነው፤ ምስጥም አለ። የሸዋ ሮቢቱ ጓደኛችን ውድ ውዶቹን እኔ ዘንድ ያስቀምጣል። ለበዓል ሲመጣ ያነባቸዋል።

ደጋም የራሱ ጣጣ አለው። ከፍታው ላይ ፀሐዩ ኃይለኛ ነው፤ በመስኮት የገባ ጨረር የሽፋን ቀለም በአንድ በጋ ያጠፋል። ክረምት ጉሙ ቤት ድረስ ይገባል። ኩበት የሚነድበት ቤት ውስጥ ደግሞ ጭሱ ወረቀቱ ላይ ያርፋል፤ አይለቅም። ስለዚህ ከማድ ቤት የራቀ፣ ፀሐይ የማይገባበት፣ ከውጭ ግድግዳ ጋር ያልተጣበቀ ቦታ ፈልግ። ከመሬት ከፍ አድርገው።

በ2009 ክረምት ይህን ቸል ብዬ ተቀጥቻለሁ። ቆርቆሮው አንድ ምስማር ለቅቆ ነበር። ውኃው ጠብ ጠብ እያለ ሳጥኑ ውስጥ ሦስት ቀን ገባ። አሥራ አንድ መጽሔት አጣሁ። የሚያብረቀርቅ ወረቀት ከረጠበ በኋላ ሲደርቅ ገጹ እርስ በርሱ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ቶሎ ካገኘኸው በየገጹ መሐል ነጭ ወረቀት አስገብተህ ጥላ ሥር፣ ነፋስ ባለበት አድርቀው። ፀሐይ ላይ አታስጣው።

ለመጽሔቱ መክተቻ ከውጭ የሚመጣው ጥሩ ላስቲክ እዚህ አይገኝም። ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር የሚሸጠው ክሊር ባግ ይበቃል። ስትገዛ አሽትተው። ኃይለኛ የላስቲክ ሽታ ያለውና የሚለጠጠው ለስላሳው ዓይነት ራሱ አሲድ ያመነጫል። ከመጽሔቱ ጀርባ ነጭ ካርቶን አስገባ። ከዚያ እንደ መጽሐፍ አቁመህ ደርድር። ከደራረብከው የታችኛው ይጎብጣል። ናፍታሊን አታስገባ፤ ሽታው ዕድሜ ልክ አብሮህ ይኖራል። መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ሲጠራ ሁሉንም አንድ በአንድ አውጥተህ አየር አስነካው።

አባቶቻችን ይህን ያውቁታል። ብራናው ከቆዳ በተሰፋ ማኅደር ውስጥ ይገባል። ማኅደሩ ማንገቻ አለው፤ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ከእርጥብ መሬት ይርቃል፤ አይጥ አይደርስበትም፤ ብርሃን አይነካውም። ያ በክር የተሰፋው መጽሔቴ ያለው አንድ የአንኮበር ሰው በሠራልኝ ትንሽ የቆዳ ማኅደር ውስጥ ነው። የተለፋ ቆዳ ለወረቀት የማይስማማ ነገር ስላለው መጀመሪያ በክሊር ባግ ነው ያስገባሁት።

የተቀደደውን በስኮች ልለጥፈው?

አይሆንም። ስኮቹ በጥቂት ዓመት ይደርቅና ይላቀቃል፤ ሙጫው ግን ወረቀቱ ውስጥ ገብቶ ቡናማ መስመር ይተዋል። ቅዳጁን እንዳለ ተወው።

ስልኬ ውስጥ ያለውስ ስብስብ ይባላል?

ዛሬ ልጆቹ ኮሚክ የሚያገኙት በስልክ ነው። ከቀኝ ወደ ግራ የሚነበበውን የጃፓን ኮሚክ፣ ማንጋን፣ እኔን ያስተማሩኝ የሰፈር ልጆች ናቸው። እንዲህ የሚያነቡ ልጆች ስላሉ ደስ ይለኛል። በቴሌግራም የሚዞረው ፋይል ግን ብዙው ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ነው። ሠዓሊው ምንም አያገኝም። የሲግልንና የሹስተርን 130 ዶላር ባሰብኩ ቁጥር ይህ ያሳዝነኛል። ብትችል ከፍለህ አንብብ።

ስብስብ ለመሆኑ ግን አዎ፣ ሊሆን ይችላል። አንድ ልጅ የወደዳቸውን ሥዕሎች በደብተር ሲገለብጥ አይቻለሁ፤ ከየትኛው ታሪክ እንደወሰደ ከሥሩ ይጽፋል። ከእኔ ምን ለየው? ስልኩ ሲሰበር ሁሉ እንዳይጠፋበት ብቻ ሌላ ቦታ ያስቀምጥ።

ቤተሰቤ "የልጅ ነገር" እያለ ያሸማቅቀኛል። ምን ላድርግ?

አብራችሁ አንብቡ። ባለቤቴ መጀመሪያ አልወደደችውም፤ ቤቱም ጠባብ ነው። አንድ ቁም ሣጥን ተስማማን፤ ከዚያ አላልፍም። የቤት ኪራይና የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ሳይከፈል አንድም አልገዛም። ይህን ስታይ ልቧ ረጋ። በኋላ ከጤና ጣቢያ ጽሑፎቹ አንዱን አውጥታ አነበበችና "ይህን እኮ ሰባተኛ ክፍል ሆኜ ሰጥተውናል" አለችኝ። እሱን አሁን እሷ ናት የምትጠብቀው።

መዝገብ መያዝ አለብኝ?

አዎ። አንድ ባለ መስመር ደብተር ይበቃል። ስሙን፣ ቁጥሩን፣ ዓመቱን ጻፍ። ከየት እንዳገኘኸውና ማን እንደሰጠህ ደግሞ የግድ ጻፍ። ዋጋው ይረሳል ቢባል አይከፋም፤ የሰጠህ ሰው ከተረሳ ግን ያሳዝናል። የእኔ ደብተር መጨረሻ ገጾች ላይ እህቴ የፈጠረቻቸው መጨረሻዎች አሉ። ያስታወስናቸው ስድስት ናቸው።

ልጆቼ ይነኩብኛል። ልቆልፍባቸው?

አትቆልፍ። ቆልፈህ ያሳደግከው ልጅ ነገ ለቆራሌው ነው የሚሸጠው። እኔ ለልጄ የራሷን ሰጥቻታለሁ። ትቅደድ፣ ቀለም ትቀባ፣ ዳቦ እየበላች ታንብብ። የእኔን ስትፈልግ እጇን ታጥባ፣ አጠገቤ ተቀምጣ ነው። ቅቤ የነካ ጣት ወረቀት ላይ የሚተወው ነገር በምንም አይለቅም።

ሰባት ዓመቷ ነው። ባለፈው ጥምቀት ማኅደሩን አወረድኩላትና በክር የተሰፋውን አነበብኩላት። ድንጋዩ የተሰነጠቀበት ላይ ስንደርስ ወረቀቱ አለቀ። "ከዚያስ?" አለችኝ። ሙሉው ቅጂ መደርደሪያው ላይ ነበር። አላወረድኩትም። ስልኩን ሰጥቻት "አክስትሽን ጠይቂያት" አልኳት። ለሃያ ደቂቃ ያህል አወሩ። እህቴ ስድስቱን ብትነግራትም ሳይበቃት ቀረ መሰለኝ። እኔም ደብተሩን አምጥቼ ሰባተኛውን ጻፍኩ።